ማስተርሱ ትንሽ ይቆይሽ

ሰሞኑን ከሳቢያን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ሐረር ሜዲካል ላቦራቶሪ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አሁን እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች። ደብዳቤዋ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወባ፣ ሽንት፣ ሰገራ ነው። የእህቴ ልጅ የታይሮይድ ሆርሞን እንደሚያንሳት የታወቀው ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ሌላ አገር ሕፃን እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይታወቃል ሲሉኝ አንጀቴ አረረ። ከዚያ ወዲህ ምርምር ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ሰው ግን ‹ምርምር የዶክተሮች ነው፤ ይልቅ በማታ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ያዢ› ይለኛል። ያጠራቀምኳትን ብር ልክፈልበት? ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እችላለሁ፤ እሱ እንኳ ለዚህ አይጠቅምም።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ልጅቷ። ጥፋቱ የእናቷ አይደለም፤ ይህን ለእህትሽ ንገሪልኝ። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ይተኛል፣ ብዙም አያለቅስም፤ «የማያስቸግር ልጅ» እየተባለ ይመሰገናል። በዓይን ስለማይለይ ነው በደም የሚፈለገው። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ላይ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን ከተጀመረለት አብዛኛውን ጊዜ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ከዘገየ በኋላም ቢሆን ሕክምናው ይጠቅማል፤ እንዳታቋርጥ።

የተረከዙን ደም በወረቀት ላይ አድርቆ የመመርመሩን ዘዴ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሮበርት ጉትሪ ነው። ሐኪምም የባክቴሪያ ተመራማሪም ነበር። የሚስቱ እህት ልጅ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል፣ ቶሎ ካልታወቀ አእምሮ የሚጎዳ በሽታ ነበረባት፤ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እሱም ባክቴሪያ በማሳደግ በሽታውን ከደም ጠብታ የሚለይበትን መንገድ አገኘ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ምርመራው ለአራስ ሕፃናት ሁሉ መዳረስ ጀመረ። የአንቺም ነገር የጀመረው ከእህትሽ ልጅ ስለሆነ ነው ይህን ያነሳሁልሽ።

አሁን ወደ ብሩ። አትክፈይ። ቢያንስ ዘንድሮ አትክፈይ።

«ምርምር የዶክተሮች ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከበር መልሷል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የቀድሞው ሕክምና 20 ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው አጭር ሕክምና ያን ያህል ያድናል ወይ ተብሎ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ተፈተነ። ስሙ ስትሪም ይባላል፤ ውጤቱ የወጣው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። በረጅሙ ሕክምና 79.8 በመቶ፣ በአጭሩ 78.8 በመቶ ጥሩ ውጤት አገኙ። አጭሩ ከረጅሙ የማያንስ መሆኑ ታየ። «ጥሩ ውጤት» የሚለው ግን በምን ታወቀ? በአክታ ካልቸር ነው፤ ከአክታው ጀርሙን አሳድጎ በማየት ማለት ነው። አክታውን የተቀበለ፣ ስሙን በትክክል የለጠፈ፣ ያሳደገ፣ ያነበበ የላቦራቶሪ ሰው አለ። የዚያ ሰው እጅ ቢሳሳት 424 ሕሙማን በከንቱ ደከሙ ማለት ነው።

የእጅ ስህተት ምን እንደሚያደርግ እኔ ራሴ አይቻለሁ። የሙያ ምክር ከመጀመሬ በፊት በአንድ ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። የመድኃኒት መጠን ከደም የሚለካበት ጥናት ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት ይመዘገባል፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትም ይመዘገባል። ሳምንት ሙሉ ሁለተኛው ሰዓት ሳይጻፍ ቀረ። መድኃኒት በደም ውስጥ በየሰዓቱ ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ካልታወቀ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ናሙናዎቹ በሙሉ ተጣሉ። ደማቸውን የሰጡትን ሰዎች እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

ለአራሶች የሚሰጠውን ጄንታማይሲንን አስቢ። ካነሰ ጀርሙን አይገድልም፤ ከበዛ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል። መሃሉን የሚያገኘው የሚለካ ሰው ነው። ያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጥያቄዎች አሉት። በየመን በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ተደርጎ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አለ። ጫት ሲቃም የተወሰደ አምፒሲሊን የሚባለው ጀርም ገዳይ መድኃኒት ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ቀነሰ፤ አሞክሲሲሊንም ቀነሰ፣ የሱ ግን ያነሰ ነው። ይህን ያወቁት በሽንት የሚወጣውን መድኃኒት ለክተው ነው። አቦ፣ ከአወዳይ እዚህ ጋ ሆነን፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በርጫ ላይ በሚቀመጥበት ከተማ፣ ይህ ጥያቄ ከእኛ በላይ ማንን ይመለከታል? «ሽንት፣ ሰገራ» ብለሽ የናቅሽው ሥራ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

የደረቀ የደም ጠብታም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው የሚመረመሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ለሆርሞን የሚደረገው ምርመራ ግን ለሁሉም አራስ ገና አልተዳረሰም። ሲዳረስ የሚሠራው ሰው ከአሁኑ መዘጋጀት አለበት። ወረቀቱ በጥላ ሥር፣ ተዘርግቶ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት መድረቅ አለበት። ከዚያ እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር ይታሸጋል። ሙቀትና እርጥበት ናሙናውን ያበላሹታል። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ሌላ ቦታ ካደገ ሰው ይበልጥ ይጠነቀቅበታል።

እና ምን ላድርግ ትዪኛለሽ። ጉድ ክሊኒካል ፕራክቲስ የሚባለውን ኮርስ በዚህ ወር ጨርሺ። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበትን መመሪያ ያስተምራል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይሰጣል፣ በጥቂት ቀን ይጠናቀቃል፣ ሰርተፊኬት አለው። ጥናት ላይ የሚቀጥሩ ሰዎች መጀመሪያ ከሚጠይቁት አንዱ ነው። ከዚያ ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር ሂጂ። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ እዚያ ነው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው በቀርሳ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልደትና ሞት እየተከታተለ ይመዘግባል። ሕፃናት በምን ምክንያት እንደሚሞቱ የሚያጠናው ሻምፕስም በቀርሳና በሐረር ይሠራል። ያስተማሩሽን መምህራን አግኚ። «ሥራ ስጡኝ» ብቻ ብለሽ አትመለሽ፤ «የትኛው ጥናት ላይ ናሙና የሚይዝ ሰው ያንሳችኋል?» በያቸው። የአጭር ጊዜ የመረጃ ሰብሳቢነት ሥራ ቢሆንም ግቢበት። አበሉ ትንሽ ነው፤ ግን ፎርም እንዴት እንደሚሞላ፣ ስህተት እንዴት እንደሚታረም፣ ለምን በእርሳስ እንደማይጻፍ የምትማሪው እዚያ ነው።

ማስተርሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያን ጊዜም እኔ ብሆን ክሊኒካል ኬሚስትሪን አስቀድም ነበር። የሕብረተሰብ ጤና ጥሩ ትምህርት ነው። ግን አንቺ የምትፈልጊው ከደም ውስጥ ነገር መለካት ነው፤ እጅሽም እዚያው ለምዷል።

አሁን «አይጠቅምም» ወዳልሽው ልምጣ። እሱ ነው ያበሳጨኝ። ምርምር ውስጥ ሰው የሚገባው ተረድቶ ሲስማማ ብቻ ነው። አንዲት ወላድ ከአራስ ልጇ ተረከዝ ደም ሲወሰድ ለምን እንደሆነ፣ እምቢ ብትል ምንም እንደማይቀርባት፣ በገዛ ቋንቋዋ መስማት አለባት። በማትሰማው ቋንቋ ያነበቡላትን ወረቀት በጣቷ ብትፈርም ፈቀደች አይባልም። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ክፍል ሦስት እናቶች ተኝተው ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ። አንቺ ሦስቱንም አባብለሽ፣ አስረድተሽ፣ ጥያቄያቸውን መመለስ ትችያለሽ፤ ናሙናውንም ራስሽ ትይዣለሽ። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ ሲቪሽን እንደገና ጻፊው። ቋንቋዎቹን ከታች «ተጨማሪ» በሚለው ሥር አታስቀምጫቸው፤ ከስምሽ ቀጥሎ ይግቡ። የሠራሽባቸውን መሣሪያዎች በስማቸው ጻፊ። በየጠዋቱ የምትሞዪውን የጥራት ቁጥጥር መዝገብም ጥቀሺ። ከመላክሽ በፊት ለእኔ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።