ስለ ቤት ኪራይ የጠየቃችሁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር ያሉ ቤቶችን አከራያለሁ፣ እከታተላለሁ። ከአከራይም ከተከራይም የመጡ ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል።

«አከራዬ የስድስት ወር ካልከፈልሽ ቁልፍ አልሰጥም አሉኝ።»

አይችሉም። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያውንም በባንክ አድርጊው። ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ ማስረጃሽ እሱ ነው።

«ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። ጨምር ወይ ልቀቅ ተባልኩ።»

ውልህ በጽሑፍ ነው? ወረዳ ተመዝግቧል? ከሆነ አትደንግጥ። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ኪራይ የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ይፋ ባደረገው መጠን። ካልተመዘገበ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ወረዳ ሂድ። የምዝገባው ጊዜ ውል ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ነበር።

«አንድ ግቢ አራት ተከራዮች ነን፣ ቆጣሪው አንድ። መብራት እንዴት እንካፈል?»

ይሄ ከኪራዩ በላይ ሰው ያጣላል። እኩል መካፈል ቀላል ነው፤ ግን አንዷ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሌላው ማታ ገብቶ አምፖል ብቻ ያበራል። በዚያ ላይ ታሪፉ እርከን አለው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይገፋል። ትንሽ የሚያበራው ሰው የሚያዝነው በከንቱ አይደለም። እኔ በምከታተለው አንድ ግቢ በየክፍሉ ትንሽ መለኪያ ቆጣሪ አስገጠምን፤ ጭቅጭቁ በዚያው ቆመ። ወጪውን አከራዩ ቢሸፍን ደስ ይለኛል፤ ቤቱ ላይ የሚቀር ነገር ነው። እስከዚያ ምጣድና ምድጃ ያለው ከፍ አድርጎ ይክፈል። ስንት እንደሆነ ግን አራታችሁም ተስማምታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

«ቧንቧ ሲበላሽ ማን ያሠራል?»

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የበር፣ የመስኮትና የቧንቧ ትንንሽ ጥገና የተከራይ ነው። በእርጅና የተበላሸው የአከራይ።

«ዋሽንግተን ነኝ። ቤቴን እንዲያከራይ ለወንድሜ ውክልና ልስጥ?»

ይስጡት፤ ግን ሥራውን ይዘርዝሩ፦ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል፣ ውል ማስመዝገብ፣ ግብር መክፈል። መሸጥ ካላሰቡ «መሸጥ» የሚለው ቃል እንዳይገባ። ውክልናውን ከመፈረምዎ በፊት ቃል በቃል ያንብቡት፤ ወንድምም ቢሆን። ቁልፍ ሲያስረክብ ደግሞ ክፍሎቹን ፎቶ ያንሳ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር መዝግቦ ከተከራዩ ጋር ይፈራረም።