«የትኛው ኦሊምፒያ?» ስትባል አትቆጣ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስሎቬኒያን ዋና ከተማ የእግር ኳስ ክለብ፣ የኦሊምፒያ ሉብሊያናን ታሪክና የአገሪቱን አንደኛ ሊግ የሻምፒዮኖች ሠንጠረዥ እያዘጋጀህ ነው። አንዱ ምንጭ «ኦሊምፒያ 4 ዋንጫ አለው»፣ ሌላው «8 ዋንጫ አለው» ብሎብህ የትኛውን እንደምትጽፍ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ወንድሞች «ክለቡ ያው ነው፣ ደምረህ ጻፍ» ብለውሃል። እባክህ አትስማቸው። እኔም ደምሬ ጽፌ ነበር፤ ስህተቴን ያወቅኩት መጽሐፌን በገዛ ገንዘቤ 500 ቅጂ ካሳተምኩ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1. ስሙን ሳይሆን የተመሠረተበትን ዓመት ያዝ። በኦሊምፒያ ስም ሁለት ክለቦች አሉ። የቀድሞው በዩጎዝላቪያ ዘመን ከ1965 እስከ 1984 በአንደኛ ዲቪዚዮን የተጫወተ፣ በ1970 ለዩጎዝላቪያ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በቀይ ኮከብ ቤልግሬድ የተሸነፈ፣ ከወረደም በኋላ በ1989 የተመለሰ ክለብ ነው። አገሪቱ ስትፈርስ በትልቁ ሊግ ውስጥ ስለነበረ፣ የስሎቬኒያ ሊግ ሲጀመር ከሌሎቹ ሁሉ በዝግጅትም በተጫዋቾችም ይልቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች ከ1991–92 እስከ 1994–95 በተከታታይ የወሰደውም ለዚህ ነው። ከዚያ ዕዳ እየተከመረበት ሄደ፤ ከ2004–05 የውድድር ዘመን በኋላም ፈረሰ። አዲሱ በ2005 «በዢግራድ» ተብሎ ተመሠረተ፤ «በዢግራድ» የቀድሞው ክለብ ስታዲየም ያለበት የሉብሊያና ሰፈር ስም ነው። ከአምስተኛው እርከን ተነሥቶ በአራት ዓመት አራት ጊዜ አደገ፤ በ2009 አንደኛ ሊግ ገባ፤ በመንገዱም ላይ የኦሊምፒያን ስም መልሶ ያዘ። ዋንጫዎቹ የ2015–16፣ የ2017–18፣ የ2022–23 እና የ2024–25 ናቸው። የስሎቬኒያ እግር ኳስ ማኅበር የሁለቱን መዝገብ ለየብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ 4 እና 4 እንጂ 8 የሚባል ቁጥር በመዝገብ የለም።

እኔ የምኖረው ግራዝ፣ ኦስትሪያ ነው። የስሎቬኒያዋ ማሪቦር ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ብትፈጅ ነው። ስለ ትንንሾቹ የአውሮፓ ሊጎች በአማርኛ መጽሐፍ ላዘጋጅ ስነሣ የስሎቬኒያን ምዕራፍ በሩቅ ሆኜ ልጽፈው አልፈለግኩም፤ ጎረቤቴ ነውና። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ድንበር ተሻግሬ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱንም የከተማውንም ስም አልጽፍም፤ መዝገብ የሚጠየቅበት ቦታ ነበር ማለት ይበቃል። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ «የትኛው ኦሊምፒያ?» አለችኝ በጀርመንኛ። «የሉብሊያናው» አልኳት። «የትኛው?» ብላ ደገመችው። ከአንድ አገር ዋና ከተማ አንድ ታዋቂ ክለብ ነው የጠየቅኩት፣ ሰውየው ምንም አያውቅም ብላ እየናቀችኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «አንድ ብቻ ነው የማውቀው» አልኳት። «በጽሑፍ ጠይቅ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ሁለተኛ ሄድኩ፤ የምሳ ሰዓት ነው ተባልኩ፤ ጠበቅኩ፤ ከምሳ በኋላ ያቺ ሴት የለችም። ለሦስተኛ ጊዜ ደብዳቤዬን ይዤ ስሄድ «የትኛው ክለብ እንደሆነ አልተገለጸም» ተብሎ ተመለሰልኝ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። «ሁለት ኦሊምፒያዎች አሉ» ብትለኝ ኖሮ፣ በሦስት ቃል የዓመት ልፋቴን ታድነው ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ቁጣዬ ጆሮዬን ዘጋው።

ቤቴ ተመልሼ ያለኝን ይዤ ጻፍኩ። መጽሐፉ የወጣው ከ2022–23 የውድድር ዘመን በኋላ ስለነበር 4 እና 3 ደምሬ «7 ዋንጫ» አልኩ። በዚህም አላበቃሁም፤ «ከ1991 ጀምሮ ከአንደኛ ሊግ ወርዶ የማያውቅ» ብዬ ጨመርኩበት። ይህ ዐረፍተ ነገር ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል። ከሊጉ መጀመሪያ አንሥቶ አንድም ዓመት ያልቀሩት ማሪቦርና ጼልዬ የሚባሉት ክለቦች ናቸው፤ አዲሱ ኦሊምፒያ ግን በ2005–06 በአምስተኛው እርከን በሰፈር ሜዳዎች ላይ ነበር።

ስህተቱን የነገሩኝ ቪየና የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት ወደ ዩጎዝላቪያ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ ሉብሊያና ነው የተማሩት። አንድ እሑድ ማታ ስልክ ደወሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሥራህ ደግ ነው፤ ነገር ግን የሞተውን ሰው በሕይወት አለ ብለህ ጽፈሃል።» አልገባኝም ነበር፤ ጋሼ አስረዱኝ። ተማሪ ሳሉ የቀድሞውን ኦሊምፒያ በ«በዢግራድ» ስታዲየም ቆመው ይመለከቱ ነበር። ያንን ስታዲየም የነደፈው ሉብሊያናን ሉብሊያና ያደረጋት አርክቴክት ዮዤ ፕሌችኒክ ነው፤ ከ2008 ጀምሮ ተዘግቶ ቁጥቋጦ ወርሶታል። አዲሱ ኦሊምፒያ የሚጫወተው በ2010 በተከፈተው፣ 16,000 ሰው በሚይዘው ስቶዢጸ ስታዲየም ነው። «እኔ የማውቀው ክለብም ሜዳውም የለም፤ የልጅ ልጁ በስሙ ተጠርቷል፤ እሱም ደስ ይለኛል፤ ግን አያትየው ያመጣውን ለልጅ ልጁ አትስጥ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላገኘሁም።

ደጋፊዎቹ በዚህ አይስማሙም፤ ይህንንም በጽሑፍህ አክብርላቸው። አረንጓዴ ነጭ ለብሰው የሚዘምሩት ሰዎች ያው የቀድሞዎቹና ልጆቻቸው ናቸው። ግብ ጠባቂውን ያን ኦብላክን ተመልከት፤ በልጅነቱ በቀድሞው ክለብ ገብቶ፣ ያ ሲፈርስ ወደ አዲሱ ተሻግሮ፣ በ2009–10 በዋናው ቡድን ተሰልፎ፣ በ2010 ወደ ቤንፊካ ሄደ። በእሱ ሕይወት ውስጥ ክለቡ አልተቋረጠም። በሠንጠረዥህ ውስጥ ግን ተቋርጧል። ትረካው ላይ አንድ አድርገህ ልትተርከው ትችላለህ፤ ቁጥሩ ላይ ግን ሁለት መሆን አለበት። ከማሪቦር ጋር የሚያደርጉት ታላቁ ደርቢም እንዲሁ ነው፤ የቀድሞውንና የአዲሱን ግጥሚያዎች አትደባልቅ።

አንዳንድ ጽሑፍ «ከ1911 ጀምሮ» ብሎ ይጀምራል። እዚያም ተጠንቀቅ። በ1911 የተመሠረተው ኢሊሪያ ነው፤ ኢሊሪያ ዛሬም በራሱ ስም የሚጫወት ሌላ የሉብሊያና ክለብ ነው።

2. ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትቀይር ዓመቱን ብቻ አትቀንስ፤ ቀኑን ፈልግ። ይህ የምኮራበት ሥራ ነው፤ ማንም አላሳየኝም። ስሎቬኒያ ነጻነቷን ያወጀችው ሰኔ 18 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ከወደቀበት ከግንቦት 20 አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ። ማሪቦር የተመሠረተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ የታኅሣሥ ግርግር በሚፈነዳበት ዋዜማ። አዲሱ ኦሊምፒያ የተመሠረተው ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በዐድዋ በዓል ዕለት ነው። እነዚህን ሦስቱን እንደዚህ ከያዝካቸው በሕይወትህ አትረሳቸውም። የውድድር ዘመኑም ቢሆን አያስቸግርህም፤ በሐምሌ ይጀምርና በግንቦት ስለሚያልቅ፣ 1991–92 የሚባለው ሲቆጠር አብዛኛው 1984 ዓ.ም. ነው።

ስለ ሊጉ አፈጣጠር ብዙ አልልህም፤ የመጀመሪያው ዓመት 21 ክለብ ነበረበት፣ በኋላ እየቀነሰ ዛሬ 10 ክለቦች አራት አራት ጊዜ ተገናኝተው 36 ግጥሚያ ይጫወታሉ። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ላላት አገር 21 ክለብ ሊበዛ እንደሚችል መገመት አያቅትህም።

3. ስሞቹ ላይ የነጋዴዎችን ስም ለይ። እኔ «ፑብሊኩም» የሚባል ክለብ አገኘሁ ብዬ ለብቻው መዝግቤው ነበር፤ ጼልዬ ነው፤ ፑብሊኩም የስፖንሰሩ ስም ነው። «ሂት ጎሪጻ» ያው የኖቫ ጎሪጻው ጎሪጻ ነው፤ ሂት የከተማዋ የካዚኖና የሆቴል ድርጅት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የሚመስለው ሦስት ሆኖ ይገኛል። ሙርስካ ሶቦታ የምትባል ከተማ ሄደህ ሙራ የሚባለውን ክለብ ጠይቅ፤ የመጀመሪያው ሙራ በ2005 ፈረሰ፤ ሙራ 05 የሚባለው ተተክቶ እሱም ፈረሰ፤ በ2020–21 ሻምፒዮን የሆነውና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቶተንሃምን 2 ለ 1 ያሸነፈው በ2012 የተመሠረተው ሦስተኛው ነው። ይህንን ሳነብ ያቺ የመስኮቷ ሴት ትዝ አለችኝ። በዚያ አገር «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ንቀት ሳይሆን ልማድ ነው፤ ክለቦቹ ከዕዳ በታች እየወደቁ በቀድሞ ስማቸው እንደገና ስለሚነሡ ሌላ መንገድ የላቸውም።

ስለ ፊደሉም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ከእንግሊዝኛ ዜና እየገለበጥን «ሴልጄ»፣ «ጎሪካ» እንላለን። የአገሩ ሰው የሚለው ጼልዬ፣ ጎሪጻ ለሚለው ቅርብ ነው። ዶምዣሌ የሚባለውን ክለብና «በዢግራድ»ን ለመጻፍም ዠ አለችን። ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ የሚመቻቸው ስሞች ሆነው ሳለ ለምን እናበላሻቸዋለን?

4. ሠንጠረዥህን በድምር አረጋግጠው። ከ1991–92 እስከ 2024–25 ድረስ 34 የውድድር ዘመን ነው። ማሪቦር 16፤ የቀድሞው ኦሊምፒያ 4፤ አዲሱ ኦሊምፒያ 4፤ ጎሪጻ 4፤ ዶምዣሌ 2፤ ጼልዬ 2፤ ኮፐር 1፤ ሙራ 1። ድምሩ 34 ይመጣል። ባይመጣልህ የሆነ ዓመት ጠፍቶብሃል ወይም ሁለት ጊዜ ቆጥረሃል። ግን ልብ በል፤ የእኔ ሠንጠረዥ ስህተት እያለበትም ድምሩ ትክክል ነበር፤ ሁለቱን ክለብ አንድ ስታደርግ ድምሩ አይናወጥምና። «ደምሬዋለሁ፣ ልክ ነው» ብዬ ወደ ማተሚያ ቤት የላክሁት በዚያ ተማምኜ ነው።

ማሪቦርን በአንድ አንቀጽ እንዳታልፈው አደራ። ኦሊምፒያን ብቻ ስትከተል ሊጉ የዋና ከተማዋ ይመስልሃል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ማሪቦር ከ1996–97 እስከ 2002–03 ሰባት ዓመት በተከታታይ፣ ከ2010–11 እስከ 2014–15 ደግሞ አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በቻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ውድድርም በ1999፣ በ2014 እና በ2017 ተሳትፏል። በ2014 ሴልቲክን በግላስጎው 1 ለ 0 አሸንፎ ምድብ ሲገባ ጎሉን ያስቆጠረው ብራዚላዊው ማርኮስ ታቫሬስ ነው፤ ከ2008 እስከ 2022 በአንድ ክለብ ተጫውቶ የሊጉ የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ ሆኗል። እኔ እሱን በሉድስኪ ቭርት ስታዲየም በዓይኔ አይቼዋለሁ። የስታዲየሙ ስም የሕዝብ አትክልት ስፍራ ማለት ነው፤ ከዋናው መቀመጫ በላይ የተዘረጋውን የኮንክሪት ቅስት ከሩቅ ስታየው ልብህ ይዘላል። 2017–18 ላይ ስትደርስም ተጠንቀቅ፤ ኦሊምፒያና ማሪቦር በእኩል ነጥብ ነው የጨረሱት፤ ዋንጫው ለኦሊምፒያ የሄደው በእርስ በርስ ግጥሚያቸው ውጤት ነው። የጎል ልዩነት ብለህ እንዳትጽፍ።

የእኔን መጽሐፍ በተመለከተ፣ 180ው ቅጂ ተበትኖ ነበር፤ ልመልሰው አልቻልኩም። በቀሩት 320 ላይ ባለቤቴና ልጄ እያገዙኝ አራት ምሽት ሙሉ የእርማት ወረቀት ለጠፍን። ለእርማቱ ብቻ 210 ዩሮ ወጣብኝ። የመጀመሪያውን የተስተካከለ ቅጂ ለጋሼ ቪየና ድረስ ራሴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ «የቀድሞው ኦሊምፒያ፣ 1995 የመጨረሻ ዋንጫው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «እንዲህ ነው» አሉኝ።

ሠንጠረዥህን ስትጨርስ ከማተምህ በፊት እዚሁ ለጥፈው። ዓመት በዓመት አነብልሃለሁ።