ወርሃዊ የመጽሐፍ ጥቅል እንዴት ይመዘናል? ጥያቄና መልስ

ለታዳጊና ለወጣት አንባቢዎች በየወሩ አንድ መጽሐፍና ጥቂት ስጦታ በካርቶን አሽገው የሚልኩ አገልግሎቶችን በተመለከተ ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች የደረሱ ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የመጀመሪያ ጥቅሌ በዚህ ሳምንት ይደርሰኛል። ግምገማ ልጽፍበት አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመክፈትህ በፊት ስትመዘገብ የገቡልህን ቃል ወረቀት ላይ አስፍር፦ ስንት ዕቃ፣ ምን ዓይነት መጽሐፍ፣ በስንት ቀን። ካርቶኑንም ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሳ። ካርቶኑ ተጨፍልቆ መጽሐፉ ደህና ከወጣ አሻጊው ሥራውን ያውቃል። ካርቶኑ ደህና ሆኖ የመጽሐፉ ጠርዝ ከታጠፈ ግን ጥፋቱን በመንገድ አታሳብብ፤ ውስጡ ክፍተት ስለተተወ ዕቃው ሲንገላታ ነው የመጣው።

ቀጥሎ ሒሳብ። ጥቅሉ 1,000 ብር ቢሆን፣ መጽሐፉ ጀርባው ላይ 450 ብር ቢል፣ ማድረሻው 120 ቢሆን፣ የቀረው 430 ብር ለኩባያ፣ ለስቲከርና ለዕልባት የተከፈለ ነው። እነዚያን ዕቃዎች ሱቅ ብታያቸው በ430 ብር ትገዛቸው ነበር? አንባቢህ ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። “ዋው፣ እንዴት ያምራል!” የሚለውን ከፎቶው ራሱ ያየዋል።

ደረጃ ለመስጠት አትቸኩል። ስለ አስተሻሸጉ በዕለቱ ጻፍ፣ ስለ መጽሐፉ ግን አንብበህ ከጨረስክ በኋላ። በአንድ ወር ጥቅል አገልግሎቱን በሙሉ ማወደስም ሆነ ማጣጣል አይገባም። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ የመጀመሪያውን አሳምረው የሚልኩ ስላሉ፣ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ወር እይ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ከመጽሐፉ ጋር የመጣው መዓዛ ያለው ሻማ ቀልጦ ሽፋኑ ላይ ተጣብቋል። ጥፋቱ የማን ነው? ሽፋኑስ ይድናል?

መልስ፦ የላኪው ነው። መኪናው የሚያልፍበት የጣርማ በር ተራራ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ብርድ ላይ የታሸገ ዕቃ ቁልቁል ወርዶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሲውል፣ ለስላሳ የሻማ ሰም ለመቅለጥ ብዙ አይፈጅበትም። ሻማ የሚልክ ሰው ክዳን ባለው ቆርቆሮ አድርጎ ለብቻው በላስቲክ መጠቅለል፣ መጽሐፉንም በሌላ ላስቲክ ማሸግ ነበረበት። ይህን በግምገማሽ ላይ በግልጽ ጻፊው፤ ቆላ ያለ ሌላ አንባቢ ይጠቀምበታል።

ሽፋኑን ለማዳን፦ መጽሐፉን ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሪው፣ ሰሙ ሲደርቅ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ከዳር ወደ መሀል ቀስ እያልሽ አንሺ። ካውያ እንዳትጠቀሚ። ካውያ ከልብስ ላይ ሰም ያነሣል፤ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን የተለበጠውን ስስ ላስቲክ አረፋ ያስወጣዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

ጥያቄ (መሀል ሜዳ)፦ የትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው መመዝገብ አይችሉም። አንድ ጥቅል በጋራ ቢወስዱ ያዋጣል?

መልስ፦ መምህር፣ ለክበብማ ከዚህ የተሻለ የለም። 6 ተማሪ በየተራ 5 ቀን ቢይዝ 30 ቀን፣ ወሩ ልክ ሞላ። ስጦታዎቹ ግን ጠብ ያመጣሉ፤ ገና ሳይከፈት ዕጣ ይውጣባቸው። መጽሐፉን ብቻ በቅናሽ ይልኩ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ለክበብ የሚሻለው እሱ ነው።

በመኪና የሚላክላችሁ ከሆነ የታርጋ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ይቀበሉ። የተቀባዩ ስም ካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም በወረቀት ይግባ፤ በክረምት ጣራ ላይ የተጫነ ካርቶን ጽሑፉ ታጥቦ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ላስቲኩ ድርብ ይሁን።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። “ለወጣቶች” የሚለውን አምኜ ላስመዝግባት?

መልስ፦ አይመኑት። በዚህ ስም የ13 ዓመት ልጅም የ20 ዓመት ወጣትም የሚያነበው መጽሐፍ ይሸጣል። ያለፉትን ሦስት ወራት የመጻሕፍት ዝርዝር ይጠይቁ፤ ካልሰጡ ይለፏቸው። ከሰጡዎት ደግሞ አንዱን ፈልገው መጀመሪያውን ሳይሆን ሁለት ሦስተኛው አካባቢ 20 ገጽ ያህል ያንብቡ። ለዕድሜዋ የሚከብድ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው፤ መክፈቻው ላይ ሁሉም ጨዋ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ከገጽ 112 ቀጥሎ 129 ይላል። ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይሆናል እንጂ። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። የጎደሉብህ ከ113 እስከ 128 ያሉት ናቸው፤ ቁጠራቸው፣ 16። ሲጠረዝ አንዱ እጥፍ ተዘልሏል። አንዳንዴ ደግሞ ያው እጥፍ ሁለቴ ይገባል። የላኪው ጥፋት ባይሆንም መለወጥ ግዴታው ነው፤ የሁለቱን ገጽ ፎቶ ላክለት። ግምገማህ ላይ የምትቀንስበት ጎድሎ በመምጣቱ ሳይሆን ሳይለውጥልህ ከቀረ ነው።

በዚያው ጽሑፉን አስተውል። ፊደሉ የደበዘዘ፣ መስመሩ የተንጋደደ፣ የገጽ ቁጥሩ ግማሹ የተቆረጠ ከሆነ ያለፈቃድ የተባዛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚከለክለው ነው፤ እንዲህ ያለ ቅጂ የሚልክን አገልግሎት ስጦታው ቢያምርም አትደግፍ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የውጮቹስ? አውልክሬት፣ ፌሪሉት የሚባሉት?

መልስ፦ የመጀመሪያው የሰሜን አሜሪካ፣ ሁለተኛው የእንግሊዝ ነው። ዝናቸው በልዩ እትም ነው፦ ለእነሱ ብቻ የተሠራ ሽፋን፣ ጠርዙ ቀለም የተቀባ ገጽ፣ አንዳንዴም የደራሲው ፊርማ። ሰብሳቢ ከሆንሽ ያጓጓል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ፣ የመላኪያ ዋጋ፣ ሊመጣ የሚችል ቀረጥ ሲደመር አያዋጣም። መጻሕፍቱም እንግሊዝኛ ናቸው።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ጥቅሉን ለግምገማ በነፃ ልከውልኛል። መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ደንበኝነቴን ማቋረጥ ብፈልግስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ክፍያው “በየወሩ” ይሁን “በየ4 ሳምንቱ” ውሉን እይ። በየ4 ሳምንቱ ከሆነ በዓመት 13 ጊዜ ነው የምትከፍለው፤ ለጳጉሜንም የከፈልክ ያህል ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ክፍያ የሚቆረጥበትን ቀን አረጋግጠህ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በጽሑፍ አሳውቅ፤ በስልክ የተነገረ ማስረጃ የለውም። መልሳቸውን አስቀምጠው። ክፍያው በራሱ የሚቆረጥ ከሆነም ትእዛዙን ራስህ ካላነሣህ መልእክትህ ብቻውን ላያስቆመው ይችላል።