ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፦ ስለ ቨርቹዋል ማሽን ለጠየቃችሁኝ

"ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ሊኑክስ መክፈት፣ ማክ ላይ ሆኖ ዊንዶውስ ማሠራት ምን ይጠቅማል?" የሚሉ ጥያቄዎች ስለበዙ ዛሬ ለእነሱ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሌላ ሲስተም ነው። ሥራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ስለሆነ ከቨርቹዋል ማሽን ጋር ነው የምውለው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን መጫን እየተቻለ ቨርቹዋል ማሽን ለምን ያስፈልጋል?

ጎን ለጎን ከጫንክ ኮምፒውተሩን ስታበራ አንዱን ትመርጣለህ። ወደ ሌላው ለመሄድ ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው። ዲስክህንም መከፋፈል አለብህ፤ እዚያ ላይ ከተሳሳትክ ፋይልህ ድራሹ ይጠፋል።

ቨርቹዋል ማሽን ግን እንደማንኛውም ፕሮግራም በመስኮት የሚከፈት ነው። ዋናው ሲስተም ሆስት ይባላል፣ ውስጥ የሚሠራው ጌስት። ጌስቱ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል። ያ "ዲስክ" ግን አንተ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ከታች የምናገረው ጥቅም አብዛኛው ከእሷ የሚመጣ ነው። ፋይል ስለሆነ ይገለበጣል፣ ይሰረዛል፣ በኤክስተርናል ዲስክ ተይዞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አይቢኤም በ1960ዎቹ አንድን ውድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ለማካፈል ሲል ጀመረው፤ ቪኤም 370 የተባለውንም በ1972 አወጣ። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ወደ ተራ ፒሲ አመጣው። ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ኢንቴል፣ ቀጥሎም ኤኤምዲ፣ ለዚሁ የሚሆን ድጋፍ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲጨምሩ ነው ነገሩ በደንብ የፈጠነው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ሊኑክስ ለመማር ፎርማት ላድርገው?

በፍጹም እንዳታደርጊው። ቨርቹዋልቦክስን ጫኚ፤ ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥርና በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ለጌስቱ ከ2 እስከ 3 ጊጋባይት ራም ስጪው፤ ከግማሽ በላይ ከሰጠሽው ሆስቱ ራሱ ይንቀራፈፋል። በዚህ ራም ኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ስለሚከብድ ቀለል ያሉትን ሉቡንቱን ወይም ዙቡንቱን ብትጭኚ ይሻላል። ዲስኩን 25 ጊጋባይት ብለሽ "ዳይናሚክ" የሚለውን ምረጪ። ያኔ ፋይሉ የሚያድገው በተጠቀምሽው ልክ ነው እንጂ 25ቱን ጊጋባይት በአንዴ አይወስድም።

ተጭኖ እንዳለቀ፣ ምንም ሳትነኪ ስናፕሾት አንሺ። ስናፕሾት የዚያን ሰዓት ሁኔታ ይይዝልሻል። ከዚያ በኋላ እንደልብሽ ነካኪ። የሲስተም ፋይሎችን ፈቃድ ቀይሪ፣ ኔትወርኩን አበላሺ፣ አስፈላጊ ፎልደር አጥፊና ምን እንደሚሆን እዪ። አልነሳ ካለ "ሪስቶር" ብለሽ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ወደነበረበት ትመልሺዋለሽ። ሊኑክስን በደንብ የሚያውቁት ያበላሹት ሰዎች ናቸው። በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ግን አሳይመንትሽና ፎቶሽ አብሮ ስላለ ፈርተሽ አትነኪውም። እኔ ለተማሪ ቨርቹዋል ማሽንን የምመክረው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ኔትወርክ የምትማሪ ከሆነም ዴስክቶፕ የሌላቸውን ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ጌስቶች አንድ ላይ አስነሺ። አንዱን ሰርቨር፣ ሌሎቹን ክላየንት (የሰርቨሩ ተጠቃሚ) አድርጊያቸው። ራውተርና ስዊች ሳትገዢ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ላብ ሠራሽ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ 2010 የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያለበት የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተራችን አርጅቶ ሃርድ ዲስኩ መንኳኳት ጀምሯል። እንዳለ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ማዛወር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ዛሬውኑ ይጀምሩት። የሚንኳኳ ዲስክ ነገ ላይነሳ ይችላል። መጀመሪያ ከፒችትሪው ባክአፕ ያውጡና ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚገኝ "ዲስክ ቱ ቪኤችዲ" የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ተከፍቶ እያለ ሙሉ ዲስኩን ወደ አንድ ፋይል ይለውጠዋል። ፋይሉን ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። "ቪኤችዲኤክስ ተጠቀም" የሚለውን ምልክት ያንሱት፤ ቪኤችዲኤክስ አዲሱ የዲስክ ፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ቨርቹዋልቦክስ ከአሮጌው ቪኤችዲ ጋር ነው ያለችግር የሚሠራው። ከዚያ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ 7 ቨርቹዋል ማሽን ፈጥረው ያንን ፋይል እንደ ዲስክ ይስጡት። ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዲስኩ የተያያዘበት መንገድ መለየቱ ነው፤ በቨርቹዋል ማሽኑ የስቶሬጅ ሴቲንግ ላይ ከሳታ ወደ አይዲኢ ወይም በተቃራኒው ቀይረው ይሞክሩት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው ጥር 2020 ነው። ስለዚህ ጌስቱን ከኢንተርኔት ያላቁት፤ በኔትወርክ ሴቲንጉ ላይ "ኬብል ኮኔክትድ" የሚለውን ማጥፋት ይበቃል። ሁለተኛው ላይሰንስ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ዊንዶውስ ለዚያ ማሽን ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ አክቲቬሽን ሊጠይቅዎ ይችላል። ላይሰንሱን ቀድመው ያጣሩ።

ይኸው ዘዴ ለድሮ የአማርኛ ጽሑፎችም ይሠራል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ስንት ደብዳቤዎችና መጽሐፎች አሉ! አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። የድሮው ፕሮግራም የተጫነበት አንድ አሮጌ ዊንዶውስ በፋይል መልክ ቢቀመጥ ግን ይነበባሉ፣ ይታተማሉ። ቤተ መጻሕፍትና አሳታሚዎች ይህን ቢያስቡበት በጣም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ቫይረስ አለው ብዬ የጠረጠርኩትን ፋይል ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ብከፍተው ችግር አለው?

ሆስቱ ላይ ከመክፈት እጅግ ይሻላል። ነገር ግን በሩን ራስህ ከፍተህ እንዳትተወው። ሼርድ ፎልደር (ሆስቱና ጌስቱ የሚጋሩት ፎልደር) ካለ ቫይረሱ በዚያ በኩል ፋይልህን ያገኘዋል። ሼርድ ፎልደሩን፣ ክሊፕቦርዱን (በሁለቱ መካከል ኮፒ ፔስት የሚያደርገውን) እና ኔትወርኩን ዝጋ፤ ስናፕሾት አንሳ፤ ፋይሉን አይተህ ስትጨርስ ወደ ስናፕሾቱ ተመለስ።

አጥሩ ሙሉ በሙሉ አይደፈርም ማለት ግን አይደለም። በ2015 ቬነም የተባለ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ ዲስክ ኮድ በኩል ከጌስት ወደ ሆስት መውጣት የሚያስችል ነበር። ስለዚህ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራምህን አፕዴት ማድረግ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ዘገምተኛ ሆነብኝ። 64 ቢት የሚለው ምርጫም አይታየኝም።

ታስክ ማናጀር ከፍተህ "ፐርፎርማንስ" ከዚያ "ሲፒዩ" የሚለው ውስጥ ግባ። "ቨርቹዋላይዜሽን" ከሚለው አጠገብ "ዲሴብልድ" ካለ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ገብተህ ማብራት አለብህ። ኢንቴል ላይ ቪቲ ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም በሚል ስም ታገኘዋለህ። በርቶም ከዘገየ የቨርቹዋልቦክስ መስኮት ታችኛው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ኤሊ መኖሩን እይ። ኤሊዋ ካለች የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም፣ ሃይፐር ቪ፣ ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። የማትፈልገው ከሆነ አጥፋው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። ኤም 2 ማክቡክ ላይ ዊንዶውስ እፈልጋለሁ።

የአፕል ኤም ቺፖች አርም የሚባል፣ ከኢንቴል የተለየ የፕሮሰሰር ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የምትጭነው ለአርም የተሠራውን ዊንዶውስ 11 ነው፤ ፓራለልስ በሚባለው ፕሮግራም በክፍያ፣ ዩቲኤም በሚባለው በነፃ። አብዛኛውን ተራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ራሱ እየተረጎመ ያሠራልሃል። ለኢንቴል የተሠራ አሮጌ ዊንዶውስ ከፈለግህ ዩቲኤም ሊያስመስልልህ ይችላል፤ ግን በጣም ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ጌም ለመጫወትስ?

ለከባድ ጌም አይሆንም። ግራፊክስ ካርዱን ጌስቱ በቀጥታ አያገኘውም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ መብራት ይጠፋል። ጌስቱ እየሠራ ድንገት ቢጠፋ ምን ይሆናል?

ጌስቱ እንደማንኛውም ኮምፒውተር በድንገት የጠፋ ያህል ነው፤ የዲስክ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁ፣ መብራቱ እንደሄደ መስኮቱን ስትዘጉ "ሴቭ ዘ ማሺን ስቴት" የሚለውን ምረጡ። ሥራችሁ ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

ስናፕሾት አለኝ ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ የሚሠራውም ዋናው ፋይል ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በሳምንት አንድ ቀን ጌስቱን በአግባቡ ዝጉት፣ ሙሉ ፎልደሩን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጡት፣ ዲስኩንም ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።