ስታርት ወይስ ቢጊን? ጠይቁኝ

የዛሬው ተራ «መጀመር»ን ለሚገልጹ የእንግሊዝኛ ግሶች ነው። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስታርት እና ቢጊን አንድ አይደሉም እንዴ? እኔ እንዳሻኝ ነው የምቀያይራቸው።

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ትምህርት፣ ስብሰባ ወይም ዝናብ ሲጀምር ሁለቱም ያስኬዳሉ። ቢጊን ትንሽ ረጋ ያለ፣ ለጽሑፍ የሚመች ነው። መኪና ግን ስታርት ይደረጋል እንጂ ቢጊን አይደረግም። ለምን? እስቲ ወደ አማርኛችን ተመለስ። «መኪናውን ጀመርኩት» ትላለህ? አትልም፤ «አስነሳሁት» ነው የምትለው። እሳት ትለኩሳለህ፣ ጠብ ትጭራለህ፣ ሱቅ ትከፍታለህ፣ ለመንገድ በሌሊት ትነሳለህ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ ስታርት ይበቃዋል፤ ቢጊን እዚህ አያምርም። ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መላ ይህ ነው፦ በአማርኛ ከ«ጀመረ» ሌላ ግስ አፍህ ላይ ከመጣ ስታርትን ምረጥ። ሁሌ ባይሠራም ብዙ ጊዜ ያድናል።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ «አይ ቢገን» ብዬ ጽፌ ተቆረጠብኝ።

መልስ፦ ሲያንስህ ነው! ቢገን ከፊቱ ሃቭ፣ ሃዝ ወይም ሃድ ይፈልጋል። ለትናንቱ ቢጋን ነው። ከተምታታብህ «ስታርትድ» ብለህ አምልጥ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ነው ስል የጥሪ ካርዱ ኮሜንስመንት ይላል። ገና ሊጀምር ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደንግጡ እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! በአሜሪካ የምርቃት ሥነ ሥርዓት ስሙ ይኸው ነው። ጥንት ዲግሪ መቀበል የመምህርነት ሕይወት መጀመሪያ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የቀረ ስም ነው። ግሱ ኮሜንስ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ሆኖ ነበር። ኮሜንስ ዛሬም ካባውን አላወለቀም። የቤት ኪራይ ውልዎ ላይ፣ ውሉ የሚጀምርበት ቀን አጠገብ ይፈልጉት። ለጎረቤትዎ «ቡናውን ኮሜንስ እናድርግ» ቢሉ ግን ያስቃሉ።

ጥያቄ፦ ኢኒሼትስ?

መልስ፦ ጠንሳሽ ሲኖር ነው። ድርድር ወይም ማሻሻያ ኢኒሼት ይደረጋል። ዝናብ አይደረግም።

ጥያቄ፦ ሎንች ለሳተላይት ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ስታመጥቅ ግሱ ሎንች ነበር። አዲስ መርከብ ውኃ ላይ ሲወርድም፣ አዲስ ስልክ ለገበያ ይፋ ሲሆንም ያው ነው። ጧት ሥራ ስትገቢ ግን ሥራሽን ሎንች አታደርጊም።

ጥያቄ፦ «ኢት ኢዝ ስታርቲንግ ሬይኒንግ» ብል ምን አለበት?

መልስ፦ ሁለት «ኢንግ» ተከታትለው ጆሮ ይቆረቁራሉ። «ስታርቲንግ ቱ ሬይን» በል፣ ጃንጥላህንም ያዝ።