ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ምን ይሠራል? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ባለፈው ስለ ንግድ ምዝገባ ስናወራ «ይሄ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት የሚባለው ቢሮ ግን ምንድነው?» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እዚህ አትላንታ ለወገን ቅጽ ስሞላና ወረቀት ሳስጨርስ ስለኖርኩ የማውቀውን ልበላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማለት አይደለም እንዴ?

እሱ የዋሽንግተኑ ነው። እኔ የማወራላችሁ በየስቴቱ ስላለው ነው። ከ50ው ስቴቶች 47ቱ አላቸው። አላስካ፣ ሃዋይና ዩታ ግን የላቸውም፤ እዚያ አብዛኛውን ሥራ ምክትል ገዥው ይዞታል።

ጥያቄ፦ ሲጀመር ለምን ተቋቋመ?

ማኅተምና መዝገብ ለመያዝ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ሕግ ሲወጣ፣ መሬት ሲሰጥ፣ ሰው ሲሾም የሚጽፍ፣ የሚያትምና የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ነበር። የኛን ጸሐፌ ትእዛዝ አስቡት። አጼ ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴርን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነው የሰጡት። ሥራው ይቀራረባል፤ አሜሪካኖቹ ግን ከነጻነት በኋላ ሌላ መንገድ ያዙ። ሥልጣን ሁሉ ገዥው እጅ እንዳይጠቀለል ብለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ስቴቶች ቦታውን በሕዝብ ምርጫ አደረጉት። ዛሬ በ35 ስቴቶች ሕዝብ ይመርጠዋል። በሜይን፣ በኒው ሃምፕሸርና በቴነሲ ምክር ቤቱ ይመርጣል፤ በቀሩት ባብዛኛው ገዥው ይሾማል። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ቢል ጋርድነር ከ1976 እስከ 2022 ከወንበሩ አልተነሱም። እንዲህ ያለ ዕድሜ ያለው ሹመት እኛ ዘንድም ብርቅ ነው!

ጥያቄ፦ ታዲያ ከምርጫ ጋር ምን አገናኘው?

የምርጫ ውጤትም በመጨረሻ መዝገብ ላይ የሚሰፍር ወረቀት ስለሆነ ነው። ካውንቲዎቹ (የስቴቱ ወረዳዎች በሉት) ይቆጥራሉ፣ ድምሩ ወደ እሱ ይመጣል። በብዙ ስቴቶች የሚያጸድቀው እሱ ነው። ሰላም ሲሆን ማንም ስሙን አያነሳም። ውጤቱ ሲቀራረብ ነው ጉዱ የሚፈላው። በ2000ው የፕሬዚደንት ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ ቡሽ በ537 ድምፅ ማሸነፉን ያጸደቀችው የስቴቱ ሴክሬተሪ ካትሪን ሃሪስ ራሷ የቡሽ ዘመቻ ተባባሪ ሊቀ መንበር ነበረች። ከ2003 ጀምሮ ፍሎሪዳ ውስጥ ቦታው በገዥው የሚሾም ሆኗል። በ2018 ደግሞ እዚሁ ጆርጂያ ብራያን ኬምፕ ለገዥነት ሲወዳደሩ ሴክሬተሪ ሆነው የምርጫው የበላይ ኃላፊ ራሳቸው ነበሩ። ሥራውን የለቀቁት ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሕጉ አይከለክልም። ለኔ ግን ተጫዋቹ ፊሽካውንም ይዞ ሜዳ እንደገባ ነው።

በ2020 ባይደን ጆርጂያን በ11,779 ድምፅ አሸነፉ። ትራምፕ ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲገኝላቸው የጠየቁት የስቴቱን ሴክሬተሪ ብራድ ራፈንስፐርገርን ነው። ሰውየው የራሳቸው ፓርቲ ሰው ቢሆኑም ውጤቱን አልቀየሩም።

ጥያቄ፦ ቺካጎ ያለው ወንድሜ መንጃ ፈቃዱን ከዚህ ቢሮ ነው ያወጣው። ልክ ነው?

ልክ ነው። ኢሊኖይ (የቺካጎ ስቴት) እና ሚሺጋን ውስጥ መንጃ ፈቃድም የዚህ ቢሮ ሥራ ነው። ኢሊኖይ ደግሞ በዚህ ቢሮ ጉድ አይታለች። ሴክሬተሪው ፖል ፓወል በ1970 ሥልጣን ላይ እያሉ ሲሞቱ፣ በስፕሪንግፊልድ ይኖሩበት ከነበረው ሆቴል ክፍል 800,000 ዶላር ገደማ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ። ከፊሉ የታጨቀው በጫማ ካርቶን ነበር! ደመወዛቸው በዓመት ከ30,000 ዶላር አልፎ አያውቅም። ባለመኪናው የታርጋ ክፍያ ቼኩን ራሱ በሰውየው ስም ነበር የሚጽፈው።

ከዓመታት በኋላ ሴክሬተሪ የሆኑት የጆርጅ ራያን ዘመን የባሰ ነበር። የቢሮው ሠራተኞች በጉቦ የትራክ መንጃ ፈቃድ ይሸጡ ነበር። በ1994 ፈቃዱን በዚሁ መንገድ ያገኘ ሾፌር በነበረበት አደጋ የአንድ ቤተሰብ 6 ልጆች አለቁ። ራያን ቆይተው ገዥ ሆኑ፤ በ2006 ጥፋተኛ ተባሉ፣ በኋላም ታሰሩ። የኛ ሰው ትራክ ላይ ብዙ ስለሆነ ነው ይህን ያስረዘምኩት። ፈተናውን «የሚያሳልፍ» ሰው አለ ሲሏችሁ እሺ አትበሉ።

ጥያቄ፦ ለአዲስ አበባ ውክልና ልልክ ነው። ሴክሬተሪው ቢሮ መሄድ አለብኝ?

ኤምባሲው ቀርበው የሚፈርሙ ከሆነ አያስፈልግም። በኖተሪ (ፊርማ ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው ሰው) ፊት ከፈረሙ ግን ቅደም ተከተሉ ባብዛኛው ይህ ነው፦ ኖተሪ፣ የስቴቱ ሴክሬተሪ፣ ዋሽንግተን ያለው ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር)፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ሴክሬተሪው ውክልናው ውስጥ ያለውን አያነብልዎትም። የሚያረጋግጠው የኖተሪው ፊርማና ሥልጣን እውነተኛ መሆኑን ብቻ ነው። አንዱን ደረጃ ከዘለሉ ወረቀቱ ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከከፈትኩ በኋላ «ካልከፈልክ ትቀጣለህ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ልክፈል?

ቆይ ወንድሜ! በትንሹ የተጻፈውን መጀመሪያ አንብብ። ብዙ ጊዜ «የመንግሥት ተቋም አይደለንም» ይላል። ሴክሬተሪው የሚይዘው የድርጅት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ላኪዎቹ አድራሻህን ያገኙት ከዚያ ወስደው ነው። ጆርጂያ ውስጥ ዓመታዊ እድሳቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 1 ነው። በቀጥታ በቢሮው ድረ ገጽ ትጨርሰዋለህ። ሜሪላንድ ያላችሁ ግን እዚህ ቢሮ አትፈልጉት፤ የናንተ ምዝገባ የንብረት ግምትና ታክስ መሥሪያ ቤት ነው።