ለጥምቀት ጎንደር ለምትገቡ፦ የእናታችሁን ሳንባ አስቡ

ጥር ሲቃረብ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ ጎንደር የሚጎርፈውን ወገኔን በየዓመቱ አያለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም።

1. ወረቀት። የፓስፖርታችሁንና የቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን) ማብቂያ ቀን ዛሬውኑ እዩ። በቃ።

2. ክትባት። ጥምቀት ጥር 11 ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ክረምት ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታበት ጊዜ። ክትባቱ እስኪሠራ 2 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ዋዜማው ላይ መሮጥ አያደርስም። ለሻንጣ ዕቃ ስትሯሯጡ እየከረማችሁ ለዚህ ጊዜ አጣን አትበሉኝ።

3. እናት። ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገረች ሴት ሲጋራ ባትቀምስም ሳንባዋ ሊጎዳ ይችላል። አስም ያለባት ወይም ቲቢ ታማ የዳነችም እንደዚሁ። ለእናንተ የጥቂት ቀን ጉንፋን የሆነው ቫይረስ የእሷን የጠበበ የአየር ቧንቧ ያሳብጠዋል፤ በአክታ ይደፍነዋል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩም ስስ ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ምልክቱ ሳይታይ 1 ቀን ቀድሞም ይተላለፋል። ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ አትሳሟት! ከስንት ዓመት በኋላ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ታለቅሳለች። ይሁን። ማስክ አድርጋችሁ ጉልበቷን ሳሙ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ቤት ከገባችሁም መስኮት ይከፈት። «ብርድ ይመታታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጋቢ ደርቡላትና ክፈቱት።

ሻንጣ ሙሉ አሞክሳሲሊን የምታመጡትስ? አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪም ይወስን። በየዕለቱ በአፍ የምትስበውን የሳንባ መድኃኒት (ፓፍ) ግን «ተሽሎኛል» ብላ እንዳታቋርጥ ተከታተሉ።

ብሩን ደግሞ ለድግስ አታፍስሱት። መጀመሪያ ማድ ቤቱን እዩት። ጭስ ማውጫ አለው? የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት? አክስቴ ጭስ ውስጥ ስታስል ኖራ አለፈች። ከውጭ የተላከላት ብር ሳሎን ውስጥ ሶፋና ትልቅ ቴሌቪዥን ሆኗል። ማድ ቤቷ እንደጠቆረ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ እናቶቻችን በሕይወት እያሉ አስቡላቸው።

4. ሲብስባት። ማስታገሻው ፓፍ ካልረዳት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከተደናገረች «ሲነጋ» አትበሉ። ወዲያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሷት። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።